ከ71 ተማሪ 48ኛ

የልጄ አስጠኚ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይመጣል። 11 ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሻይ ይቀርብለታል፣ ከልጄ ጋር ምግብ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስ። 1 ሰዓት ሲሆን ይሄዳል። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያዘጋጀው የማጠናከሪያ ትምህርት አለ። ቅዳሜ ጠዋትም እንደዚያው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። አስጠኚው ስልክ ሊያናግር በረንዳ ወጥቷል። ልጁ ግንባሩን ደብተሩ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። እርሳሱ እጁ ላይ ነው። ቀስ ብዬ ቀና ሳደርገው ዓይኑን ሳይገልጥ «ጨረስኩ» አለኝ። ምኑን እንደጨረሰ አልገባኝም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ደክሞት ነዋ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። መናገር ትችል ነበር። አስጠኚ ይቀጠር ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አንድ ቀን ይበቃዋል ስትል ሦስት ቀን ያልኩትም እኔ ነኝ።

ለምን እንዳልኩ አልደብቅም። ፈርቼ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2 በመቶ ሆነ። የ2016ቱ ትንሽ ቀና ብሎ 5.4 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች የሰማ ወላጅ ምን ያድርግ? ጓደኞቼ ሁሉ ያደረጉትን አደረግኩ። ከትምህርት በኋላ ሌላ ትምህርት፣ ከእሱ በኋላ የቤት ሥራ። የልጁን ቀን እንደ ጤፍ ከረጢት እስከ አፉ ጠቀጠቅኩት።

አስጠኚው ምንም አላጠፋም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሒሳብ ያውቃል። ውጤቱም ተሻሽሏል፤ ልጄ ከ14ኛ 9ኛ ገብቷል። እኔ ግን የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በእሱ ዕድሜ ከትምህርት በኋላ የት እንደምውል ማሰብ ጀመርኩ።

ያደግኩት ኮልፌ ነው። የተማርኩት በፈረቃ ነው። ለማያውቅ ልንገር፦ ክፍል ለተማሪ አይበቃም ነበርና አንዱ ትምህርት ቤት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል። የጠዋት ፈረቃ ከሆንክ ለምሳ ቤትህ ነህ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ ያንተ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ከሆንክ ደግሞ እስከ እኩለ ቀን ማንም አይፈልግህም። ልጆች ይጫወቱ ብሎ ያቀደው ሰው የለም። ግማሽ ቀን የሰጠን የወንበር እጥረት ነው።

ያን ግማሽ ቀን የሚሻማው ብዙ ነበር። የካልሲ ኳስ አለ። ብይ አለ። ሳንቲም ከተገኘ ጆተኒ አለ፣ ለትልልቆቹ ከረንቡላ አለ። ቪዲዮ ቤት አለ፤ የህንድ ፊልም፣ በጨለማ ክፍል፣ በአግዳሚ ወንበር። እናቶች ከሁሉም አስበልጠው የሚጠሉት ቪዲዮ ቤቱን ነበር። ስለዚህ «ልጅ ከትምህርት መልስ የት ይዋል?» የሚለውን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ መለሱት። ሙስሊም ጓደኞቼ ቁርአን ቤት ይሄዱ ነበር። እኔን እናቴ ሰንበት ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ድምፄ ለመዝሙር እንደማይሆን በሁለተኛው ሳምንት ታወቀ። ከበሮ ሞከሩኝ፣ ምቱን አጠፋሁት። በመጨረሻ ጫማ ጠባቂ ሆንኩ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ያን ሁሉ «ፕሮግራም» ብሎ የጠራው ሰው የለም። ልጁ የት እንዳለ ግን ይታወቃል፤ ከቀረም ማታ እናቱ ጆሮ ይደርሳል።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ነው። ክፍላችን ውስጥ 71 ነበርን። በአንደኛው ሴሚስተር ካርዴ ላይ 48ኛ የሚል ተጻፈ። አባቴ ካርዱን ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። «ከኋላህ ያሉት 23 ልጆች ጤነኞች ናቸው?» አሉኝ። ሳቅኩ። መሳቄ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሆነ።

48ኛ መሆን እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰነፍ ተብለህ ለምክር እንኳ አትጠራም። ጎበዝ ተብለህም አትሸለምም። መምህሩ ስምህን የሚያውቀው ከስም መጥሪያው ላይ ነው። ሁለት ቀን ብትቀር የሚጠይቅህ አብሮህ የሚቀመጠው ልጅ ብቻ ነው። እኔም እቀር ነበር። በአጥር ሾልኮ መውጣት እንደ ሙያ ተያይዘነው ነበር።

ሚኒ ሚዲያ ውስጥ የገባሁት በቅጥነቴ ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ጣሪያው ጫፍ ላይ የተሰቀለው የጡሩምባ ድምፅ ማጉያ ገመዱ ተበጥሶ፣ ቆርቆሮው የማይከብደው ልጅ ተፈለገ። በዚያች ሰዓት በአጥር በኩል ልወጣ ስል ያዙኝ። የያዙኝ የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ናቸው፣ የፊዚክስ መምህር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁላችንም «ቲቸር» ነበር የምንላቸው። «አጥር መዝለል የሚችል ጣሪያም ይወጣል» አሉ። ወጣሁ። ገመዱን አሰርኩ። ስወርድ «ነገም ና» አሉኝ።

ክፍሏን ልሳላችሁ። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ናት፣ ሦስት በሁለት ብትሆን ነው። አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ካሴት ማጫወቻ፣ ስፖንጁ የተበላ ማይክ። ግድግዳው ላይ የፀረ ኤድስ ክበብ ፖስተር፣ ከሱ ጎን የቀይ መስቀል ክበብ የስም ዝርዝር። ወንበር ሁለት፣ ልጅ ስምንት። በዕረፍት ሰዓት ማስታወቂያ ይነበባል፣ ግጥም ይቀርባል፣ ዘፈን ይለቀቃል። ዝግጅቱ ሁሉ የሚሠራው ግን ከፈረቃችን ውጪ ባለው ግማሽ ቀን ነው። ግጥሙ እዚያ ይመረጣል፣ ጽሑፉ እዚያ ይታረማል፣ ካሴቱ በእስክሪፕቶ እየተጠመዘዘ እዚያ ይስተካከላል።

ሕጉ አንድ ነበር። ከክፍል የቀረ ክፍሏን አይረግጥም። ቲቸር ማንንም አይቆጡም፤ በር ላይ ቆመው «ዛሬ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የት ነበርክ?» ይላሉ። በቃ። ያ ቀን ላንተ አለቀ። በአጥር መውጣት ያቆምኩት ምክር ሰምቼ አይደለም፤ ያቺ በር እንዳትዘጋብኝ ነው።

ለወላጆች ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው አምፕሊፋየሩን አቃጠልኩት።

እንዲህ ነው የሆነው። ድምፁ እስከ ሜዳው ጫፍ ይድረስ ብዬ ከግምጃ ቤት ያገኘሁትን ሌላ ድምፅ ማጉያ ከነበሩት ሁለት ጋር ጨምሬ ቀጠልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ለአምስት ደቂቃ ያህል ጀግና ነበርኩ። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከተቃጠለ ሽንኩርት ጋር ቢቀላቀል እንደዚያ ይሸታል። ጭስ ተከተለ። ከዚያ ዝም አለ።

ቲቸር ገቡ። «ማነው የነካው?» እጄን አወጣሁ። እንባዬ መጥቷል። ቤት ይነገራል፣ ወላጅ ይጠራል፣ ዋጋው ይጠየቃል ብዬ ነው። «ጥሩ» አሉ። «ቅዳሜ 3 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ጠብቀኝ።»

አምፕሊፋየሩን በጋቢ ጠቅልለን መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ዞርን። አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ከፈቱት። ጀርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ አሉሚኒየም አለ፤ እሱ ላይ አራት የብረት ቆብ የመሰሉ ነገሮች በብሎን ታስረዋል። ትራንዚስተር ናቸው፤ ቱ ኤን 3055 የሚል ተጽፎባቸዋል። በቴስተር አንድ በአንድ ነኳቸው። ሁለቱ ሞተዋል። «ሦስተኛውን ድምፅ ማጉያ ያሰረው ማነው?» አሉ። ቲቸር ወደኔ ጠቆሙ። ሽማግሌው አልሳቁም። «ለሁለት ሰው የተሠራ በቅሎ ላይ ሦስተኛ ጭነህበት ነው» ብለው አስረዱኝ። የፊዚክስ መጽሐፋችን ውስጥ የነበረው የትይዩ ኤሌክትሪክ መስመር ቀመር በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት ተምረነው አልገባኝም ነበር።

ከሁለቱ ትራንዚስተሮች የአንዱን ዋጋ ቲቸር ከፈሉ። የአንዱን እኔ፣ በፓስቲ ገንዘቤ፣ በሁለት ወር። ሰኞ ዕለት ራሴ እንድበይድ አዘዙኝ። ከእያንዳንዷ ሥር ሚካ የሚባል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ይነጠፋል፤ እሱ ከተረሳ ሁሉም ነገር እንደገና ይቃጠላል። ብረቱን አግዬ ስታኞውን፣ ቀልጦ የሚያያይዘውን ሽቦ፣ አስነካሁት። ተንጠባጠበ እንጂ አልያዘም። «ብረቱ ላይ አይደለም» አሉ ከኋላዬ። «መጀመሪያ እግሯን አሙቃት። ስትሞቅ ስታኞው ራሱ ይሄድላታል።» ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። በአራተኛው ያዘ። ማይኩን ከፈትን። «ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት።» ሜዳው ላይ የነበረው ልጅ ሁሉ ቀና አለ።

ዛሬም ድረስ ስታኞ ሲሸተኝ ደስ ይለኛል። ሥራዬ ግን ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም፤ የአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጻፍ ልጁ አድጎ ኢንጂነር መሆን አለበት። አልሆንኩም። ደረጃዬም ቢሆን አልተመነጠቀም፤ በዓመቱ መጨረሻ 46ኛ ወጣሁ። አባቴ «ሁለት ሰው አለፍክ» አሉ።

ግን ያ ዓመት ፕላዝማ የገባበት ዓመት ነበር። ደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀ ትምህርት፣ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት የሚያስተምር ቴሌቪዥን። በየክፍሉ ተተከለ። ሲቋረጥ ትምህርቱ ሰው አይጠብቅም፤ ስክሪኑ ሲመለስ እሱ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። ታዲያ ምስሉ በጠፋ ቁጥር «ያንን የሚኒ ሚዲያውን ልጅ ጥሩት» ይባል ጀመር። ጎበዞቹ ያሉበት ክፍል ገብቼ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ከኋላ ያለውን ገመድ አጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ የላላ ገመድ ነበር፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ከሁሉም ክፍል አንደኛ የምትወጣው ልጅ አንድ ቀን «እንዴት ነው የምታውቀው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠሁም። ሦስት ቀን ግን በደስታ አልተኛሁም።

ሚኒ ሚዲያዋ ውስጥ ደረጃ አልነበረም። ማን አንደኛ ነው የሚል ጥያቄ ትርጉም የለውም። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ጣሪያ ይወጣል። አንድ ሰው ከጎደለ ፕሮግራሙ አይወጣም። እኔ ክፍል ውስጥ ብጎድል 70 ልጅ ተመችቶት ይቀመጣል። እዚያ ብጎድል ድምፅ የለም።

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልናገር፤ እስካሁን ያወራሁት የወንድ ልጅ ታሪክ ነውና።

ግማሽ ቀን የነበረን እኛ ነን። እሷ አልነበራትም። አስተዋዋቂያችን ነበረች፤ ድምጿ ከዚያ ከተበላ ማይክ እንኳ ሲወጣ ያምር ነበር። እናቷ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል ያስረክባሉ። ከትምህርት ስትመለስ እንጀራ የምታደርሰው እሷ፣ ውኃ በመጣ ቀን ጄሪካን የምትሞላው እሷ፣ ታናናሾቿን የምታበላው እሷ። ወንድሟ ኳስ ሜዳ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን መምጣት አቆመች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማስታወቂያውን እኔ አነበብኩ፤ ሕዝብ ተሰቃየ።

ቲቸር እኔንና ሌላ አንድ ልጅ አስከትለው ቤቷ ሄዱ። ቡና ተፈላ። የእናትየው ዓይን በምጣድ ጭስ ቀልቷል። እስከ ሁለተኛው ስኒ ስለ ጤና፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ተወራ። ከዚያ ቲቸር «እትዬ፣ ልጅዎን በሳምንት ሁለት ቀን ያውሱኝ» አሉ።

«ምን ልታደርግልህ?»

«ማይክ ላይ እንድታነብልን ነው።»

«ማይኩ እንጀራ ያደርሳል?»

ቲቸር ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አያደርስም። እነዚህ ግን ያደርሳሉ» ብለው እኛን አሳዩአቸው።

ማክሰኞና ሐሙስ እንጀራ ተሸካሚ የሆንነው እንደዚያ ነው። በሰፌድ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በጭንቅላት። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ አንሸራቶኝ እንጀራው ተጣጠፈ፣ ሁለቱ ተቀደዱ። የሆቴሉ ሰውዬ ቆጥሮ ቀነሰ። እናትየው ምንም አላሉኝም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ሰፌዱን ራሳቸው ጭንቅላቴ ላይ አስተካክለው «አንገትህን አታዙር» አሉኝ። የሰፈር ልጅ ሁሉ አየን፣ ተሳቀብን። ልጅቷ ማይኩ ላይ ነበረች።

ለወጣቶች ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚጻፉ ዕቅዶችን አንዳንዴ አነባለሁ። «የሴቶች ተሳትፎ 50 በመቶ» ይላሉ። እንጀራውን ማን ያደርሳል የሚለው የለበትም።

እና ምን ሆነች? 12ኛን ጨረሰች፣ ነጥብ አልመጣላትም፣ ቤሩት ሄደች። ሚኒ ሚዲያ ከስደት አላዳናትም። ይህን የምጽፈው ነገሩን አሳምሬ እንዳልሸጥላችሁ ነው። እኛ አገር ከትምህርት ውጪ ያለ ሥልጠና ሲነሳ ሁልጊዜ በቆጂ ይጠራል፤ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ፣ በእጃቸው ያለፉት እነ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ። ከአንዲት ትንሽ ከተማ ያን ሁሉ የኦሎምፒክ ወርቅ! ክብር ይገባቸዋል። እኔ ግን ሁሌ የማስበው በዚያው ጎዳና ጠዋት ጠዋት አብረው ሮጠው ሜዳሊያ ያላመጡትን ልጆች ነው። እነሱ ምን አተረፉ? መልሱን የማገኘው ከቤሩት በሚመጣልኝ የቴሌግራም ድምፅ ነው። ዛሬም መልእክቷን የምትጀምረው «ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ!» ብላ ነው። በዚያው ድምፅ። አሠሪዋ ደመወዝ ይዛባት በነበረ ጊዜ ለመብት ተሟጋቾች ስልክ ደውላ ጉዳይዋን ያስረዳችው ራሷ ናት፤ ከሷ ጋር ላሉት ሁለት ልጆችም ጭምር ተናግራለች። «መናገር አላስፈራኝም» አለችኝ። «1,500 ተማሪ ፊት ማስታወቂያ ያነበበ ሰው አንድ ስልክ ያስፈራዋል እንዴ?»

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ። ይህን ሐሳብ ሳወራት ሳቀች። «አንተ ትዝታ ታወራለህ፣ እኔ ሒሳብ እከፍላለሁ» አለች። ልጇ 7 ዓመቱ ነው። በዚያ ግዛት ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅን ያለ ጠባቂ ቤት ጥሎ መውጣት በሕግ ያስጠይቃል። ጠባቂውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። እዚያ «ጎረቤት ታየዋለች» የሚባል ነገር የለም። እሷም ባሏም ፈረቃ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ሲያልቅ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የከትምህርት በኋላ ዝግጅት ይገባል፣ እስከ ምሽት 12 ሰዓት። ከዚያ ካለፈች በየደቂቃው ቅጣት ትከፍላለች። «በረዶ ዘንቦ መንገድ ሲዘጋ ልቤ የሚመታው ለመኪናው አይደለም፣ ለደቂቃው ነው» አለችኝ።

እዚያ አገር ነገሩን የሚያዩት ከፀጥታም አንፃር ነው። የፍትሕ መሥሪያ ቤታቸው ያወጣቸው መረጃዎች በትምህርት ቀናት ታዳጊዎች የሚፈጽሙት የጥቃት ወንጀል የሚበዛው ሌሊት ሳይሆን ደወል እንደተደወለ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ እንደሆነ አሳይተዋል። ልጅ ከትምህርት ወጥቶ ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ ያለችው ክፍተት ናት። ነገሩ ይገባኛል፣ ግን ትንሽ ያስከፋኛል። ልጅን እንደ ቦምብ አድርጎ «እንዳይፈነዳ እንያዘው» የሚል ይመስላል። እህቴም ሌላ ቅሬታ አላት፦ «ያን ሁሉ ከፍዬ ቼዝና ኳስ ነው የሚያጫውቱት፣ ሒሳብ አያስተምሩትም።» ልጁን በስልክ ጠየቅኩት። ከቀኑ ሁሉ የሚወደው ያንን ሰዓት ነው። ለእህቴ አልነገርኳትም።

ወደኛ ሰፈር ልመለስ። አሁን የምኖርበት አካባቢ ሺሻ ቤቶች ይታሸጋሉ። ደጃፉ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ በሳምንቱ ሁለት በር አልፎ ሌላ ይከፈታል። በመሃል ልጆቹ የት ይውላሉ ብሎ የጠየቀ አላየሁም። አንድ የወጣት ማዕከል አለ። ስገባ ካፌ አገኘሁ፣ አዳራሹ ለሠርግ ተከራይቷል፣ የጠረጴዛ ቴኒሱ መረብ የለውም። ጥበቃው «ምን ፈለጉ?» አለኝ። ወጣት እንዳልመሰልኩት ገባኝ።

አይስላንድን የማነሳው ለዚህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቻቸው 42 በመቶ ባለፈው ወር ውስጥ ሰክረናል ብለው ነበር። በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ደረሰ። ሲጋራና አልኮል ለታዳጊዎች እንዳይሸጥ ከለከሉ፣ የምሽት ሰዓት ገደብ አጠበቁ፣ ወላጆችን አደራጁ። ከዚያ ጋር ግን ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለሥነ ጥበብ ክለቦች ገንዘብ አፈሰሱ፤ ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ለየቤተሰቡ በልጁ ልክ የክለብ መክፈያ ትሰጣለች። የሚገባበትን ልጁ ይመርጣል። እነሱ ሀብታሞች ናቸው፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የመከልከሉን ግማሽ እኛም እንሠራዋለን፤ የማሸጊያ ወረቀት አላጣንም። ሌላው ግማሽ ነው የጎደለን። ለሱ ደግሞ የእኛዋ ሚኒ ሚዲያ የፈጀችው ሦስት በሁለት ክፍል፣ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርና ቅዳሜውን የሰጠ አንድ መምህር ነው። ከሦስቱ ውዱ የመጨረሻው ነው። ቲቸር ለዚያ ሥራ አበል ይከፈላቸው እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። አሁን ሳስበው መልሱን የማውቀው ይመስለኛል።

ለማንኛውም፣ የረቡዑን ጥናት አስቀረሁት። አስጠኚውን አስቀምጬ አነጋገርኩት፤ ክፍያውን እንደማልቀንስበት ስነግረው ተነፈሰ። ልጄን ደግሞ «ረቡዕ ያንተ ነው። ምን መማር ትፈልጋለህ? ሙዚቃ? ሰርከስ? ኮዲንግ?» አልኩት። እንደ አስተናጋጅ ደረደርኩለት።

«ምንም» አለኝ።

«ምንም ማለት?»

«ምንም ነዋ።»

ባለቤቴ ፊቷን አዞረች፤ እየሳቀች እንደሆነ ትከሻዋ ይናገራል።

የመጀመሪያውን ረቡዕ ተኝቶ ዋለ። ሁለተኛውን ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ። ጨጓራዬ ተነሳ፣ ግን ቃሌን በላሁ እንዳልባል ዝም አልኩ። ሦስተኛው ረቡዕ ስመጣ ቤት የለም። የኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ጩኸት ይሰማል። የየብሎኩ ልጆች ዋንጫ ጀምረዋል። ኳሱን የሚያስቀምጡት የግቢው ጥበቃ ናቸው፤ 12 ሰዓት ሲሆን ይቀበሏቸዋል፣ የተጣላ ካለ በማግሥቱ አይሰጡም።

ልጄ ሜዳ ውስጥ የለም። የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተር ይዟል። የሒሳብ ደብተሩ ነው፣ ከኋላ በኩል። ቀርቤ አየሁ። በማስመሪያ የተሠመረ ሰንጠረዥ። የብሎክ ቁጥር፣ ጨዋታ፣ ያሸነፈ፣ አቻ፣ የተሸነፈ፣ ጎል፣ ነጥብ።

«ማነው የሚመራው?» አልኩት።

«ብሎክ 9። ከብሎክ 4 ጋር እኩል ናቸው፣ በጎል ክፍያ ነው።»

«አንተስ? ምን ቦታ ነው የምትጫወተው?»

ቀና ብሎም አላየኝ። እየጻፈ ነው።

«እኔ አልጫወትም» አለ። «ፌዴሬሽን ነኝ።»